«የእኔ መመርመር ምን ያደርጋል?»፦ ስለ ወንዶች የመውለድ አቅም ምርመራ ለጠየቃችሁን

ልጅ የዘገየባቸው ጥንዶች ለዚህ አምድ ብዙ ይጽፉልናል። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ሴቶች ናቸው፤ የሚጠይቁት ግን ስለ ባሎቻቸው ነው። ለዚህ እትም የወንዱን ምርመራ የሚመለከቱትን መርጠናል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አጠቃለን፣ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚጠቁሙ ነገሮችን አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ከተጋባን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ዕድሜዬ 33 ነው። ሆርሞን፣ አልትራሳውንድ፣ የማህፀን ቱቦ ራጅ ሳይቀር ተመርምሬ ሁሉም ደህና ነው ተብያለሁ። ባለቤቴን «አንተም ተመርመር» ስለው «እኔ ምን ሆኜ? በመኝታ በኩል ያየሽብኝ ጉድለት አለ?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር የለበትም። ታዲያ መመርመር አለበት?

መልስ፦ አለባቸው። እንዲያውም እርስዎ ለማህፀን ቱቦ ራጅ ከመተኛትዎ በፊት የባለቤትዎ ምርመራ መቅደም ነበረበት። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ ይገኛል፤ አንዳንዴ ብቻውን፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ።

ባለቤትዎ ያነሱት መከራከሪያ የብዙ ወንዶች ነው፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ግን ያደባልቃል። የወሲብ ብቃት ከደም ሥር፣ ከነርቭና ቴስቶስትሮን ከተባለው የወንድ ሆርሞን የሚመጣ ነው። ዘር ማምረት ደግሞ በዘር ፍሬዎች ውስጥ የሚገኙ ቀጫጭን ቱቦዎች ሥራ ነው። ቴስቶስትሮን የሚያመነጩት ሴሎች ከእነዚህ ቱቦዎች ውጭ ስለሚገኙ፣ ቱቦዎቹ ጨርሶ ሥራ ቢያቆሙ እንኳ ጢሙም፣ ድምፁም፣ ፍላጎቱም እንደነበረ ሊቀጥል ይችላል። የሚወጣውም ፈሳሽ መልኩ አይለወጥም፤ አብዛኛው የሚመነጨው ከፊኛ ሥር ካለው የፕሮስቴት ዕጢና ከጎኑ ካሉት የፈሳሽ ዕጢዎች እንጂ ከዘር ፍሬው አይደለምና። በዓይን አይቶ «አለኝ» ማለት አይቻልም። ከዚህ በፊት ልጅ መውለድም ከምርመራ ነፃ አያደርግም፤ የዛሬ አምስት ዓመት የወለደ ሰው ዛሬ ሌላ ውጤት ሊኖረው ይችላል።

መቼ ይጀመር ለሚለው፦ ያለ መከላከያ አዘውትሮ ግንኙነት እየተደረገ 12 ወር ሲሞላ፤ ሴቷ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች 6 ወር ሲሞላ። ወንዱ በልጅነቱ የዘር ፍሬው ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ የቆየ፣ ፍሬው ተጠማዞበት የነበረ፣ ከጉርምስና በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት ፍሬው ያበጠ፣ የብሽሽት ቀዶ ሕክምና ወይም የካንሰር ሕክምና የተደረገለት ከሆነ ግን ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ ወዲያው ይመርመር።

አነጋገሩን በተመለከተ «አንተም ተመርመር» ከማለት «አብረን እንሂድ» ማለት ይቀላል። የእርሳቸው የመጀመሪያ ምርመራ መርፌም ራጅም የለውም። አንድ ናሙና መስጠትና ሐኪም ፊት ጥቂት ደቂቃ ልብስ ማውለቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ የዘር ፈሳሽ ምርመራ አዘዘልኝ። ላቦራቶሪ ስሄድ ዕቃ ሰጥተው «ይዘህ ና» ከማለት በቀር ምንም አልነገሩኝም። እኔም አፍሬ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ስንት ቀን መቆየት አለብኝ? ቤት ሆኜ ላመጣው እችላለሁ?

መልስ፦ ያለ አግባብ የተሰጠ ናሙና ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስላል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንመልስ።

ቆይታው ከመጨረሻው የዘር መፍሰስ ጀምሮ ከ2 ቀን ያላነሰ፣ ከ7 ቀን ያልበለጠ ይሁን። በእንቅልፍ የፈሰሰም ይቆጠራል። ከ2 ቀን ሲያንስ የፈሳሹ መጠንና የዘሩ ቁጥር ዝቅ ይላል። ከ7 ቀን ሲያልፍ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በቱቦው ውስጥ የቆዩ፣ የደከሙና የሞቱ ስለሚበዙ እንቅስቃሴው ይወርዳል። «ብዙ እንዲገኝልኝ» ብለው ሦስት ሳምንት ታቅበው የሚመጡ ሰዎች ደካማ ውጤት ይዘው የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። ምርመራው ሲደገም ደግሞ በመጀመሪያው ልክ ይቆዩ፤ አንዱን በ2 ቀን ሌላውን በ7 ቀን ሰጥቶ ማወዳደር አያስኬድም።

ዕቃው አፉ ሰፊ፣ ንጹሕና ደረቅ፣ ላቦራቶሪው ራሱ የሰጠዎት ይሁን። ቤት ያለ የመድኃኒት ብልቃጥ አጥቦ መጠቀም አይሆንም፤ የሳሙና ቅሪት ዘሩን ይገድላል። መጀመሪያ ሽንትዎን ይሽኑ፤ ከዚያ እጅዎንና ብልትዎን በሳሙና ታጥበው ሳሙናው እስኪለቅ ይለቅለቁ፤ ያድርቁት። ናሙናው የሚሰጠው በእጅ ነው። ምራቅ፣ ቅባት፣ ቫዝሊን፣ ማለስለሻ ጄል አይነካካው። ተራ ኮንዶም አይሆንም፤ ላስቲኩና ቅባቱ ዘሩን ይጎዳል። በሃይማኖት ወይም በሌላ ምክንያት በእጅ መስጠት የማይችሉ ከሆነ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ዘር የማይጎዳ ኮንዶም ስላለ ላቦራቶሪውን ይጠይቁ። በግንኙነት መካከል አውጥቶ ዕቃ ውስጥ ማፍሰስም አይመከርም፤ የመጀመሪያው ጠብታ ብዙ ጊዜ ያመልጣል።

ስለዚያች የመጀመሪያ ጠብታ በተለይ ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። የዘር ፈሳሽ የሚወጣው በተራ ነው። ቀድሞ የሚወጣው ክፍል ከፕሮስቴት የሚመጣና አብዛኛውን ዘር የተሸከመ ነው፤ በኋላ የሚከተለው በብዛት ቢበልጥም ዘሩ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥቂት እንኳ መሬት ላይ ከፈሰሰ ውጤቱ በግማሽ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ካመለጠዎ ለላቦራቶሪው ይንገሩ፤ ናሙናው ይደገም። አፍሮ ዝም ማለት በራስ ላይ የሐሰት ውጤት ማስጻፍ ነው።

ቤት መስጠት ይቻላል፤ ናሙናው ግን ቢቻል በ30 ደቂቃ፣ ቢዘገይ በ60 ደቂቃ ውስጥ ላቦራቶሪው እጅ መግባት አለበት። ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥ፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ የሚመታው ቦታም አይቀመጥ። ክዳኑን አጥብቀው ዕቃውን ቀጥ አድርገው በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ጋር አስጠግተው ይያዙት፤ ሙቀቱ ከ20 እስከ 37 ዲግሪ መካከል ይቆይ። የወጣበትን ሰዓት ዕቃው ላይ ይጻፉ። መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ግን ላቦራቶሪው ባዘጋጀው ክፍል መስጠት ነው ያለው አማራጭ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር እናክል። ናሙናውን ሲቀበሉ «ስንት ቀን ቆየህ? በስንት ሰዓት ወጣ? የፈሰሰ አለ?» ብለው ካልጠየቁዎት ሌላ ላቦራቶሪ ይፈልጉ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያልጠየቀ ባለሙያ ማይክሮስኮፑ ላይም ይጠነቀቃል ለማለት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ውጤቴ ይህን ይላል፦ መጠን 2.1 ሚሊ ሊትር፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 11 ሚሊዮን፤ ጠቅላላ እንቅስቃሴ 38 በመቶ፤ ወደፊት የሚጓዝ 24 በመቶ፤ ትክክለኛ ቅርጽ 3 በመቶ። «97 በመቶው የተበላሸ ነው» ተብዬ ተስፋ ቆርጬ ወጣሁ። ምናልባት ካስፈለገ፣ ከወር ተኩል በፊት በብርቱ ትኩሳት ለአንድ ሳምንት ተኝቼ ነበር።

መልስ፦ ያስፈልጋል እንጂ! ከጻፉልን ሁሉ ዋናው ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ የዘር ሴል ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ በስሎ እስኪወጣ በጥምጥሙ ቱቦ ውስጥ ሌላ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ዛሬ የሚሰጡት ናሙና የሚናገረው ስላለፉት ሦስት ወራት ነው። የዘር ፍሬ ከቀረው ሰውነት በ2 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ነው የሚሠራው፤ የአንድ ሳምንት ትኩሳት ያን ጊዜ በመሠራት ላይ የነበረውን ያጠፋል፤ ጉዳቱም ከሳምንታት በኋላ ነው ወረቀት ላይ የሚወጣው። ስለዚህ ከትኩሳቱ ከተነሱ ሦስት ወር ሲሞላ ይድገሙት። ትኩሳት የሌለበት ሰው ቢሆንም ውጤቱ ዝቅ ካለ ቢያንስ አንድ ጊዜ መደገም አለበት፤ የአንድ ሰው ቁጥር ከሳምንት ሳምንት በእጥፍ ሊለያይ ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው 6ኛ እትም የላቦራቶሪ መመሪያ የተቀመጡት ዝቅተኛ ወሰኖች እነዚህ ናቸው፦ መጠን 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው ፈሳሽ 39 ሚሊዮን፣ ጠቅላላ እንቅስቃሴ 42 በመቶ፣ ወደፊት የሚጓዝ 30 በመቶ፣ በሕይወት ያለ 54 በመቶ፣ ትክክለኛ ቅርጽ 4 በመቶ። እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው፤ ከመቶዎቹ የአምስቱ ውጤት ከወሰኑ በታች ነበር። ይህ ማለት ከወሰኑ በታች ሆነው የወለዱ አሉ፤ ከወሰኑ በላይ ሆነውም ያልወለዱ አሉ። ወሰኑ ዕድልን ይጠቁማል እንጂ «መካን» እና «ደህና» የሚል መለያ መስመር አይደለም።

የቅርጹን ነገር በዚህ ዓይን ይዩት። ጤናማ በሚባል ወንድ ዘንድ እንኳ ወሰኑ 4 በመቶ ነው፤ ያም ሰው «96 በመቶው ተበላሽቷል» ሊባል ነው ማለት ነው። መለኪያው በጣም ጥብቅ ስለሆነ የጭንቅላቱ ዳር ትንሽ የተዛነፈ ሁሉ ከትክክለኛው ውጭ ይመደባል። የእርስዎ 3 ከ4 ጋር ያለው ልዩነት በሁለት ባለሙያዎች ዓይን መካከል ሊፈጠር የሚችል ልዩነት ነው፤ በቅርጽ ብቻ ውሳኔ አይወሰንም።

ይልቅ ሊያተኩሩበት የሚገባው ጠቅላላ ድምሩ ነው። 2.1 በ11 ሲባዛ 23 ሚሊዮን ይሆናል፤ ከ39 ያነሰ ነው። ከዚህ ውስጥ ወደፊት የሚጓዘው 24 በመቶው፣ ማለትም 5.5 ሚሊዮን ያህል ነው። ሐኪሞች ዘሩን አጥበው በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን የማስገባት ሕክምና ይሠራል አይሠራም ብለው ሲመዝኑ የሚያዩት ይህን መጨረሻ ላይ የመጣውን ቁጥር ነው። ውጤቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ዕርግዝናን ያዘገያል እንጂ አይከለክልም።

ከወረቀትዎ ላይ የጎደለ ነገርም አለ። እንቅስቃሴ ከ40 በመቶ በታች ሲወርድ የማይንቀሳቀሱት የሞቱ ይሁኑ በሕይወት ያሉ በቀለም መለየት አለበት። ኢኦሲን የተባለው ቀለም የሞተውን ሴል ውስጡ ገብቶ ያቀላዋል፤ ሕያው የሆነው ቀለሙን አያስገባም። ሕያው ሆኖ የማይንቀሳቀስ ከበዛ ችግሩ ከጅራቱ አሠራር ሊሆን ይችላል፤ የሞተው ከበዛ ምርመራው ወደ ቱቦዎቹና ወደ ኢንፌክሽን ያዘነብላል። ሲደግሙት ይህም እንዲሠራ ይጠይቁ። ስንት ሴል እንደተቆጠረም ይጠይቁ፤ 400 ተቆጥሮ ከሆነ ስህተቱ በ10 በመቶ ገደማ ውስጥ ነው፤ 25 ብቻ ተቆጥሮ ከሆነ 40 በመቶ ይደርሳል። ሁለተኛው ውጤት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 ሚሊዮን በታች ከሆነ የሆርሞን ምርመራ ይጨመራል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ተመርምሮ «ዘር አልታየም» ተባለ። የፈሳሹ መጠን 2.8 ሚሊ ሊትር ነው፤ ኤፍኤስኤች የሚባለው ሆርሞን 21 ሆነ። «መድኃኒት የለውም» ብለው ሸኙን። በቃ ማለት ነው?

መልስ፦ «ዜሮ» ከተባለ በኋላ ገና ብዙ ሥራ አለ።

መጀመሪያ ዜሮነቱ ይረጋገጥ። ፈሳሹ በማሽከርከሪያ መሣሪያ ከመሬት ስበት 3 ሺህ እጥፍ በሆነ ኃይል ለ15 ደቂቃ ተሽከርክሮ፣ ከታች የረጋው በማይክሮስኮፕ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ይህ ሳይደረግ አንድ ጠብታ አይቶ «የለም» ማለት አይበቃም። ከዝቃጩ ውስጥ አምስትና ስድስት ሴል እንኳ ቢገኝ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ ሊቀዘቅዝና አንዱን ሴል በመርፌ ወደ እንቁላል በማስገባት፣ ኢክሲ በሚባለው ዘዴ፣ ሊሠራበት ይችላል።

በእርግጥም ከሌለ ጥያቄው «አልተመረተም ወይስ ተመርቶ መውጫ አጣ?» የሚለው ነው። ፍንጮቹ ቀድሞውኑ ወረቀቱና የሐኪሙ እጅ ላይ አሉ። መጠኑ ከ1.4 በታች፣ ፒኤች የተባለው የአሲድነት መለኪያ ከ7.2 በታች ከሆነና ፍሩክቶስ የተባለው ስኳር ካልተገኘ ከፕሮስቴት ጎን ያሉት ዕጢዎች ፈሳሽ አልደረሰም ማለት ነው፤ መዘጋት ወይም የቱቦ አለመፈጠር ይጠረጠራል። ዘር አስተላላፊው ቱቦ በከረጢቱ ላይ እንደ ጠንካራ ሲባጎ በጣት ይዳሰሳል። በሁለቱም በኩል ከጠፋ አብሮት የተወለደ ነው፤ ሲኤፍቲአር የተባለው ጂን በባልም በሚስትም ይመረመራል። በዚህ ዓይነቱ ዘሩ በፍሬው ውስጥ ስላለ በመርፌ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይሳካል።

የባለቤትዎ ግን ሌላኛው ይመስላል። መጠኑ ደህና ነው፤ ኤፍኤስኤች 21 ነው። ይህ ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣ «ዘር አምርት» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ፍሬው አልመልስ ሲል ዕጢው ትእዛዙን እያበዛ ይሄዳል። ከ7.6 በላይ መሆኑና የፍሬው ርዝመት ከ4.6 ሴንቲ ሜትር ማነሱ አንድ ላይ ሲገኙ ችግሩ ከምርቱ ነው። እዚህ ላይ ሁለት የዘር ውርስ ምርመራዎች ሳይሠሩ ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ ልክ አይደለም። አንደኛው የክሮሞዞም ቆጠራ ነው፤ ከሚወለዱ ወንዶች ከ500 እስከ 1000 ውስጥ በአንዱ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም አለ፤ ክላይንፌልተር ይባላል፤ ብዙዎቹም የሚያውቁት በዚህ ምርመራ ጊዜ ነው። ሁለተኛው በዋይ ክሮሞዞም ላይ የጎደለ ቁራጭ ካለ የሚፈልግ ነው። «ኤ» ወይም «ቢ» የተባለው ክፍል ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ፍሬውን ከፍቶ መፈለግ ዋጋ የለውም፤ «ሲ» ብቻ ከጎደለ ግን ከግማሽ ያህሉ ዘር ይገኛል። የተገኘው ዘር ለሚወለደው ወንድ ልጅ ያንኑ ጉድለት እንደሚያስተላልፍ ጥንዶቹ አስቀድመው ሊነገራቸው ይገባል።

እነዚህ ካላገዱ በማይክሮስኮፕ እየታገዙ ከፍሬው ውስጥ ዘር ያለባቸውን ቱቦዎች የመፈለግ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ወደ ግማሽ በሚጠጉት ይሳካል። «ምን እንዳለ ለማየት ብቻ» ተብሎ ከፍሬው ሥጋ መቁረጥን ግን አንደግፍም። የተገኘውን ማቀዝቀዝ በማይችል ቦታ መቁረጥ ትንሹን ዕድል ማባከን ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ይህን እንጨምር፦ ዘር ዜሮ ሆኖ ኤፍኤስኤች፣ ከዚያው ዕጢ ወጥቶ ቴስቶስትሮን እንዲመነጭ የሚያዝዘው ኤልኤችና ቴስቶስትሮን ራሱ፣ ሦስቱም ዝቅ ካሉ ችግሩ ከፍሬው ሳይሆን ትእዛዝ ካለመምጣቱ ነው። ይህኛው መድኃኒት አለው፤ በሆርሞን መርፌ ከወራት እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ ጊዜ ብዙዎቹ ዘር ማምረት ይጀምራሉ። ቴስቶስትሮን የሚለካው ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ደም የሐሰት ዝቅተኛ ውጤት ያሳያል።

ጥያቄ፦ ስፖርት ቤት ጓደኞቼ ባመጡልኝ የቴስቶስትሮን መርፌ ስምንት ወር ተጠቀምኩ። አሁን ሳገባ የዘር ምርመራዬ ከ1 ሚሊዮን በታች ሆነ። ቴስቶስትሮን ለወንድነት ጥሩ ነው አልነበረም እንዴ?

መልስ፦ ከውጭ የገባው ቴስቶስትሮን ፒቱታሪ ዕጢን «በቂ አለ» ብሎ ያሳምነዋል፤ ዕጢው ኤፍኤስኤችና ኤልኤች መላኩን ያቆማል። ዘር ለመሥራት በፍሬው ውስጥ የሚያስፈልገው ቴስቶስትሮን በደም ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው፤ መርፌው ያንን ሊተካ አይችልም። ጡንቻ ይጨምራል፣ ፍሬው ይሟሽሻል። ደምዎ ሲመረመር ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ወደ ዜሮ ከተጠጉ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መርፌውን በሐኪም ክትትል ያቁሙ። አብዛኞቹ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያሉ። ካቆሙ በኋላ ለጥቂት ወራት ድካምና የፍላጎት መቀነስ ስለሚኖር ብዙዎች ተመልሰው ይወጋሉ፤ ሐኪሙ ፍሬውን የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ሊሰጥዎ ስለሚችል ብቻዎን አይታገሉ። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮን በሐኪም ሲታዘዝለትም «ልጅ እፈልጋለሁ» ብሎ መናገር አለበት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው፤ የስኳር ሕመም ካለብኝ 12 ዓመት ሆነኝ። እርካታው አለ፤ ፈሳሽ ግን ጠብታ ያህል ወይም ምንም አይወጣም።

መልስ፦ ስኳር የፊኛን አንገት የሚዘጋውን ነርቭ ሲጎዳ ዘሩ ወደ ውጭ በመውጣት ፋንታ ወደ ፊኛ ይመለሳል። የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናና ለፕሮስቴት ሕመም የሚሰጠው ታምሱሎሲን የተባለው መድኃኒትም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። ምርመራው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ሽንትዎን ይሽኑ፤ ከዚያ ናሙና ይስጡ፤ የወጣ ካለ በአንደኛው ዕቃ ይያዝ፤ ወዲያው ደግመው በሁለተኛው ዕቃ ይሽኑ። ሽንቱ ተሽከርክሮ ዘር ከተገኘበት ምክንያቱ ታወቀ። ሽንት ዘርን ስለሚገድል ለሕክምና ሲፈለግ ሐኪሙ ቀድሞ የሽንቱን አሲድነት የሚቀንስ ነገር ያዝዛል። የፊኛ አንገት የሚዘጉ ክኒኖችም አሉ፤ የደም ግፊት ስለሚጨምሩ በራስ ፈቃድ አይወሰዱም።

ጥያቄ፦ በአልትራሳውንድ «በግራ በኩል ቀላል ቫሪኮሲል» ተባልኩ። የዘር ምርመራዬ ደህና ነው። ቀዶ ሕክምና ልግባ?

መልስ፦ አይግቡ። ቫሪኮሲል፣ ማለትም ከፍሬው ደም የሚመልሱት ሥሮች ማበጥ፣ ከመቶ ወንዶች በ15ቱ ያህል የሚገኝ ሲሆን ብዙዎቹ ያለ ችግር ይወልዳሉ። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው እብጠቱ በእጅ ሲዳሰስ፣ የዘር ውጤቱ ዝቅ ሲልና ጥንዶቹ ልጅ ሲዘገይባቸው ነው፤ ሦስቱም አንድ ላይ። ሐኪሙ የሚመረምረው ሞቅ ባለ ክፍል፣ ቆመው፣ እንደ ማማጥ እያደረጉ ነው። ተኝተው ብቻ ከታዩ ምርመራው ሙሉ አይደለም። አልትራሳውንድ ብቻ ያየውን፣ እጅ ግን ያላገኘውን ሥር በቀዶ ሕክምና ማሰር ጥቅም አልታየበትም። በቀኝ በኩል ብቻ በድንገት የመጣ፣ ሲተኙም የማይጠፋ እብጠት ግን ሆድ ውስጥ የሚጫን ነገር ሊኖር ስለሚችል ቶሎ ይታይ።

ጥያቄ፦ ውጤቴ ላይ «ፐስ ሴል 15–20» ይላል። ምንም ሕመም የለኝም። ሦስት ዙር አንቲባዮቲክ ወሰድኩ፤ አልጠፋም።

መልስ፦ አራተኛውን ዙር ከመጀመርዎ በፊት እነዚያ «ፐስ»፣ ማለትም የመግል ሴሎች የተባሉት በእርግጥ ነጭ የደም ሴሎች መሆናቸው ይጣራ። በተራ ማይክሮስኮፕ ገና ያልበሰለ የዘር ሴልም ነጭ የደም ሴልም ክብ ሆኖ ነው የሚታየው። ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ቀለም ሁለቱን ይለያል። በአንድ እይታ «15–20» መባሉም መለኪያ አይደለም፤ የሚፈለገው በሚሊ ሊትር ስንት እንደሆነ ነው፤ ከ1 ሚሊዮን ካላለፈ የሚያሳስብ አይደለም። ካለፈ የባክቴሪያ እርባታ ይሠራ፤ በሽንት የክላሚዲያና የጨብጥ ምርመራ ይደረግ፤ ከተገኘ ባለቤትዎም አብረው ይታከሙ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የሚሠራ መመርመሪያ ይበቃል? ዘር የሚያበዙ ቫይታሚኖችስ?

መልስ፦ አብዛኞቹ የቤት መመርመሪያዎች ብዛቱ ከአንድ ወሰን በላይ ወይም በታች መሆኑን ብቻ ያሳያሉ። የሚንቀሳቀስ ዘር የሌለው ሰው «ደህና» ሊባል ይችላል። ቫይታሚኑን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ ከ2 ሺህ 300 በላይ ጥንዶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ዚንክና ፎሊክ አሲድ የዘሩንም ጥራት የሚወለዱትንም ልጆች ቁጥር እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ገንዘብዎን ከዚያ ይልቅ ለሁለተኛው ምርመራ ያውሉት። ሲጋራ ማቆምና ሳውና መተው ምንም አያስወጣም፤ ለውጡ ግን የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ካንሰር ተገኝቶበት በሚቀጥለው ሳምንት ኬሞቴራፒ ይጀምራል። አንዲት ነርስ «ዘሩን አስቀምጡለት» አለችኝ። እናቱ ነኝ፤ እንዴት ብዬ ላንሳበት?

መልስ፦ እናታችን፣ ነርሷ ልክ ናት። ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ዘር የሚያመርቱትን ሴሎች ያጠፋሉ፤ መልሶ መምጣቱ በመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ይወሰናል። ነገሩን እርስዎ ባያነሱት ይሻላል፤ ሐኪሙ ለብቻው ክፍል ውስጥ እንዲነግረው ይጠይቁ። ልጆች በዚህ ጉዳይ በእናት ፊት አፍረው «አልፈልግም» ይላሉ። ዘሩ ቀዝቅዞ ከመቀመጡ በፊት የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የቂጥኝ የደም ምርመራ ስለሚጠየቅ ዛሬውኑ ይቀዳ። ከተቻለ በአንድ ሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ወይም ሦስት ናሙና ይሰጥ፤ ጊዜ ከሌለ አንዱም ይበቃል፤ በኋላ ለኢክሲ ጥቂት ሴሎች በቂ ናቸውና። በሕመሙ ምክንያት ቁጥሩ ዝቅ ቢል እንኳ ይቀመጥ። ናሙናው መሰጠት ያለበት የመጀመሪያው መድኃኒት ወደ ደሙ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ የሚወጣው ዘር የውርስ ይዘቱ የተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ለማስቀመጥ አይመከርም።